በቆጥ ምክንያት አከራይና ተከራይ ሲጣሉ፦ ከውል እስከ ቁልፍ ርክክብ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ክረምት በገባ ቁጥር የምሰማው ጠብ አንድ ዓይነት ነው። ተከራዩ "ቆጡን ተከራይቼዋለሁ" ይላል። አከራዩ ደግሞ "እኔ ያከራየሁህ ታችኛውን ክፍል ነው" ይላሉ። ውሉ ተፈልጎ ሲወጣ "አንድ ክፍል ቤት" ከሚል ቃል በቀር ምንም የለበትም። ሁለቱም የልባቸውን ነው የሚናገሩት። ግን ማስረጃ ያለው የለም።

እዚህ ላይ ቆጥ የምለው ከክፍሉ በላይ፣ ከጣሪያው በታች በጣውላ ወይም በባሕር ዛፍ ርብራብ ተሠርቶ ሰው የሚያድርበትን ቦታ ነው። እህል ይቀመጥበት የነበረው ቦታ ዛሬ ተማሪና ደመወዝተኛ ያድርበታል። ፍኖተ ሰላምም፣ ቡሬም፣ ሞጣም ብትሄዱ ታገኙታላችሁ። ቅደም ተከተሉን ጠብቁ። አብዛኛው ሰው የሚሸነፈው ሕግ ስለማያውቅ ብቻ አይደለም፤ መጀመሪያ ማድረግ ያለበትን መጨረሻ ላይ ስለሚያደርግ ነው።

አስቀድማችሁ የምታዘጋጁት

ሜትር፣ ካሜራ ያለው ስልክ፣ አንድ ደብተር፣ ከቆጡ ተሸካሚ እንጨት ጫፍ እስከ ጫፍ የሚደርስ ሲባጎ፣ የማይዋሹና የማይፈሩ ሁለት ምስክሮች። ቀድሞ የተከራያችሁ ከሆነ ውሉንና የከፈላችሁበትን ማስረጃ በሙሉ አንድ ላይ አስቀምጡ። በቴሌብር ወይም በባንክ የከፈላችሁትን ከስልካችሁ ላይ ፎቶ አንሥታችሁ ለምታምኑት ሰው ላኩ። ስልክ ይጠፋል።

ደረጃ 1፦ ቆጡ ላይ ሳትወጡ አትከራዩ

ደላላው ይቸኩላል። "ሌላ ሰው እየመጣ ነው" ይላችኋል። ይምጣ። እናንተ ውጡና እዩ።

መጀመሪያ ከታች ሆናችሁ ወደ ላይ ተመልከቱ። ርብራቡን የተሸከመው ምንድን ነው? የራሱ ምሰሶ ያለው ቆጥ አንድ ነገር ነው። በጭቃ ግድግዳ ላይ በሚስማር ብቻ የተያዘ ደግሞ ሌላ ነው። ከሁሉ የከፋው ኮርኒስ ላይ ጣውላ ደርድሮ "ቆጥ ነው" ማለት ነው። የኮርኒስ ሞራሌ ኮርኒሱን ለመያዝ የተመታ ነው፤ ሰው ለመሸከም አይደለም። እንዲህ ያለውን በርካሽም ቢሆን አትያዙት።

ቀጥሎ መሰላሉን ነቅንቁት። ውጡና ርዝመቱን፣ ወርዱን፣ ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን ከፍታ ለኩ። ደብተራችሁ ላይ ጻፉ። ቆርቆሮውን ወደ ብርሃን እዩት፤ የሚስማር ቀዳዳ እንደ ኮከብ ያበራል። እንጨቱ ላይ የውኃ ምልክት ካለ ጣሪያው ያፈሳል ማለት ነው። ከቻላችሁ እኩለ ቀን ላይ ሂዱ። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ቆርቆሮ ሥር ያለው ሙቀት ጠዋት አይታይም።

ከዚያ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። ቆጡን ማን ሠራው? ለቤቱ ለውጥ ከማዘጋጃ ቤት ፈቃድ ወጥቶበታል? ካርታው በማን ስም ነው?

ሦስተኛውን አትለፉት። ቆጥ የሚያከራያችሁ ሰው ራሱ ተከራይ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። የቀበሌ ቤት ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይከብዳል፤ የቀበሌ ቤት ተከራይ ቤቱን ለሌላ ሰው ለማከራየት መብት የለውም። ቤቱ የወራሾች ከሆነ አንዱ ወንድም ያከራያችኋል፣ ሌላው መጥቶ ያስወጣችኋል። የባለቤቱን ወይም የወራሾቹን የጽሑፍ ስምምነት ሳታዩ ብር አትስጡ።

ደረጃ 2፦ ቆጡን በውሉ ውስጥ በስሙ ጥሩት

ሁሉም ነገር የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው። "አንድ ክፍል ቤት ከነቆጡ" ማለት እንኳ አይበቃም። ይህን የመሰለ አንቀጽ አስገቡ፦

"አከራይ ለተከራይ ያከራዩት አንድ ክፍል ቤትንና ከክፍሉ በላይ ያለውን ርዝመቱ …… ሜትር፣ ወርዱ …… ሜትር የሆነ ቆጥ ነው። ቆጡን የሚጠቀምበት ተከራይ ብቻ ነው። አከራይ በቆጡ ላይ እህልም ሆነ ዕቃ አያስቀምጡም። የቆጡን ተሸካሚ እንጨት፣ መሰላሉንና ጣሪያውን አከራይ ያሳድሳሉ። በቆጡ ላይ ከ …… ሰው በላይ አያድርም። ተከራይ በቆጡ ላይም ሆነ ከሥሩ ከሰል አያቀጣጥልም፤ የኤሌክትሪክ ምድጃ ወደ ቆጡ አያወጣም። ወርኃዊ ኪራዩ …… ብር ሲሆን ከዚህ ውስጥ የቆጡ …… ብር ነው። ቆጡ በተከራይ ጥፋት ሳይሆን አገልግሎት መስጠት ካቆመ ይህ ሂሳብ እስኪታደስ ድረስ ከኪራዩ ይቀነሳል።"

የቆጡን ዋጋ ለይቶ መጻፍ ለአከራይም ይጠቅማል። በኋላ "ግማሽ ኪራይ ነው የምከፍለው" የሚል ክርክር አይነሣም፤ ቁጥሩ ተጽፏል።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን፣ እንዲመዘገብ፣ ኪራይ በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክስ መንገድ እንዲከፈል ያዛል። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም ይላል። የውሉ ዘመንም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይደነግጋል። አዋጁ በክልል ከተሞች የሚሠራው ክልሉ በሚወስነው መሠረት ነው። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት ወደ ከተማችሁ የቤቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ሂዱና "እዚህ ከተማ ምዝገባ ተጀምሯል ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ። ተጀምሮ ከሆነ በተፈረመ በ30 ቀን ውስጥ አስመዝግቡ። አልተጀመረም ከተባላችሁም በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የኪራይ ውልን ይገዛል፤ የጽሑፍ ውላችሁ ዋጋ አለው።

*ቢከሽፍስ?* አከራዩ "እኔ በቃሌ ነው የማድረው፣ ወረቀት አልፈርምም" ካሉ አትከራከሩ። የዚያኑ ዕለት ማታ በአክብሮት የስልክ መልእክት ላኩ፦ "ጋሼ፣ ዛሬ እንደተነጋገርነው ክፍሉንና ቆጡን አንድ ላይ በወር በዚህ ያህል ብር ይዣለሁ፤ ቆጡን የምጠቀመው እኔ ነኝ።" "እሺ ልጄ" ብለው ከመለሱ ከባዶ እጅ ይሻላል። መልእክቱን አታጥፉት።

ደረጃ 3፦ የርክክብ ጽሑፍ አዘጋጁ

ቁልፍ በምትቀበሉበት ቀን የቤቱን ሁኔታ ጻፉ። ጽሑፍ ከሌለ ቤቱን በደህና ሁኔታ እንደተረከባችሁ ይቆጠራል። ማለትም ከእናንተ በፊት የተሰነጠቀው ጣውላ የእናንተ ጥፋት ይሆናል።

1. ቆጡን ከአራቱም ማዕዘን ፎቶ አንሡ። ከሥር ሆናችሁ ተሸካሚ እንጨቶቹን አንድ በአንድ አንሡ።
2. ስንጥቅ፣ ምስጥ፣ የላላ ሚስማር፣ የሚያፈስ ቦታ ካለ በቁጥር ጻፉ።
3. ረጅሙን ተሸካሚ እንጨት ምረጡ። ሲባጎውን ከጎኑ፣ በታችኛው ጠርዙ ልክ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ወጥራችሁ እሰሩ። እንጨቱ መሐል ላይ ከሲባጎው በታች ምን ያህል እንደወረደ ለክታችሁ ከነቀኑ ጻፉ። ይህ ቁጥር በኋላ ትልቅ ምስክር ነው።
4. የቆጣሪውን ንባብ ጻፉ።
5. ሁለታችሁም ፈርሙ፤ ምስክሮችም ይፈርሙ።

ደረጃ 4፦ ቆጡን ራሳችሁ የምትሠሩ ከሆነ

ያለ አከራይ ፈቃድ አንድ ሚስማር አትምቱ። የቤቱን ቅርጽ መለወጥ የባለቤቱ ፈቃድ ይፈልጋል፤ ለማደሪያ የሚሆን ለውጥ ከሆነ የማዘጋጃ ቤት ፈቃድም ሊጠየቅበት ይችላል። ፈቃዱ በጽሑፍ ይሁን።

የማውቀው አንድ መምህር በእትዬ ፈቃድ፣ በራሱ ገንዘብ ጥሩ ቆጥ ሠራ። ፈቃዱ የቃል ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ቤቱ ወደ ልጃቸው ዞረ። ልጅየው "ማን ፈቀደልህ?" አለ። መምህሩ ተናደደና በአንድ ሌሊት ቆጡን ነቅሎ ጣውላውን ጭኖ ወጣ። ግድግዳው አብሮ ፈረሰ። በመጨረሻ ለግድግዳው የከፈለው ገንዘብ ከጣውላው ዋጋ በለጠ። ሰውየው ሲሠራ ልፋቱን አይቼ ስለነበር እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

ፈቃዱ ላይ ከሦስቱ አንዱን መርጣችሁ ጻፉ፦ ስትወጡ ነቅላችሁ ትወስዳላችሁ፤ ወይም አከራዩ በዚህ ዋጋ ይገዙታል፤ ወይም ወጪው በየወሩ ከኪራይ ይታሰባል። የጣውላውን፣ የሞራሌውን፣ የሚስማሩንና የአናጢውን ሂሳብ ደረሰኝ አያይዙ። "ስትወጣ እንነጋገራለን" የሚለውን አትቀበሉ።

ደረጃ 5፦ ችግር ሲነሣ መጀመሪያ ከሥሩ ውጡ

ክርክሩ ይቆያል። ነፍስ ይቀድማል።

*እህል ሲጫንባችሁ።* በእኛ አገር የሚበዛው ይህ ነው። ከውቂያ በኋላ፣ ታኅሣሥና ጥር ላይ፣ የአከራዩ ጤፍ ከገጠር ይመጣል። ቦታ የለም። "ለጥቂት ቀን ነው" ተብሎ ከእናንተ ራስ በላይ ይጫናል። አንድ ኩንታል 100 ኪሎ ነው። አምስት ኩንታል ማለት ግማሽ ቶን ነው፤ እሱም አንድ ጥግ ላይ ተከምሮ። ሰው እንዲተኛበት ብቻ የተሠራ ርብራብ ይህን ላይችል ይችላል።

ሲባጎውን እንደገና ወጥሩ። ከርክክቡ ቀን በልጦ ወርዷል? በሳምንቱ ደግማችሁ ለኩ። እየጨመረ ከሄደ፣ ወይም እንጨቱ ሌሊት የሚጮህ ከሆነ፣ ወይም አቧራ የሚረግፍ ከሆነ አልጋችሁን ከሥሩ አውጡ። ያንኑ ቀን ለአከራዩ ተናገሩ። ጆንያውን ግን ራሳችሁ አታውርዱ። የሰው እህል ነው። አንድ ጆንያ ቢቀደድ ወይም ቢጎድል ክርክሩ ወደ ስርቆት ይዞራል። ምስክር ባለበት አከራዩ ራሳቸው ያውርዱት። ምናልባትም አከራዩ አደጋውን አላዩት ይሆናል፤ ወደ ላይ ይዛችኋቸው ውጡና አሳዩአቸው። ብዙ ጠብ እዚያው መሰላሉ ሥር አልቋል።

*ሲያፈስ።* ዝናቡ እየወረደ እያለ ቪዲዮ ቅረጹ። በበጋ የተነሣ ፎቶ ደረቅ እንጨት ብቻ ነው የሚያሳየው። ውኃው በኤሌክትሪክ ሽቦ አጠገብ ከወረደ ብሬከሩን አጥፉ። በረዶ የጎዳውን ቆርቆሮ ራሳችሁ ጣሪያው ላይ ወጥታችሁ ለመጠገን አትሞክሩ፤ ቀዳዳው ከጨመረ ተጠያቂ ትሆናላችሁ።

*ከሰል።* ይህንን ከልቤ ነው የምለው። የከሰል መርዝ አይታይም፣ አይሸትም። ሞቃቱ አየር ይዞት ወደ ላይ ይወጣል፤ ቆጥ ላይ የተኛው ሰው መጀመሪያ ያገኘዋል። ተማሪ ሳለሁ ታች ከሰል ነድዶ እኔ ቆጥ ላይ ተኝቼ ነበር። ጓደኛዬ ጎትቶ ባያወርደኝ ይህን አልጽፍም ነበር። ታች ያለው ሰው ሌላ ተከራይ ከሆነ አከራዩ በውሉ እንዲከለክሉት ጠይቁ። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከተሰማችሁ በር ከፍታችሁ ወዲያው ውጡ፤ ከዚያ ሐኪም ጋ ሂዱ።

*ኪራይ ሲጨመር።* "ቆጡን አሳምሬዋለሁ" ተብሎ በወሩ መሐል ጭማሪ ሲጠየቅ ውሉን አውጡ። አዋጁ በሚሠራበት ከተማ ጭማሪ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው መጠን ነው። በሌላው ቦታ ደግሞ የውሉ ዘመን እስኪያልቅ በውሉ የተጻፈው ዋጋ ይጸናል።

ማስጠንቀቂያ፦ ኪራይ አታቁሙ

"ቆጡን እስኪያድስ አልከፍልም" ማለት ትልቁ ስሕተት ነው። ያልከፈለ ተከራይ ላይ አከራዩ ውሉን የሚያፈርሱበት ምክንያት ያገኛሉ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው፣ የቆጡን ጥገና ስትሉ ቤቱን ታጣላችሁ። በውሉ ላይ የቆጡ ሂሳብ ተለይቶ ከተጻፈ ያንን ብቻ፣ ምክንያቱን በጽሑፍ ገልጻችሁ ቀንሱ። ካልተጻፈ ሙሉውን በባንክ ክፈሉ። አከራዩ አልቀበልም ቢሉ እንኳ ሂሳባቸው ውስጥ አስገቡና ደረሰኙን ያዙ።

ለአከራዮችም አንድ ቃል። መብራት መቁረጥ፣ መሰላል ማንሣት፣ ተከራዩ በሌለበት ቁልፍ መቀየር ወይም ቆርቆሮ መግለጥ መፍትሔ አይደለም። እውነቱ የእናንተ ቢሆን እንኳ በዚህ ድርጊት ከሳሽነታችሁ ወደ ተከሳሽነት ይለወጣል።

ደረጃ 6፦ ደብዳቤ ጻፉ

አጭር ይሁን። ስድብም ልመናም አይኑርበት።

"ለአቶ ……። በ……/……/…… ዓ.ም. በተፈራረምነው ውል መሠረት ከነቆጡ የተከራየሁት ቤት ተሸካሚ እንጨቱ ጎብጧል። ከቀን …… ጀምሮ ቆጡ ላይ የተጫነው …… ኩንታል እህል አልተነሣም። በ15 ቀን ውስጥ እህሉ እንዲነሣና እንጨቱ እንዲጠናከር በአክብሮት እጠይቃለሁ። የኪራዩን ገንዘብ በወቅቱ እየከፈልኩ ነው።"

ሁለት ቅጂ አድርጉ። አንዱን ስጡ፤ ሌላው ላይ "ደርሶኛል" ብለው ይፈርሙ። አልፈርምም ካሉ በሁለት ምስክር ፊት አስቀምጡላቸውና ምስክሮቹ ቀንና ሰዓት ጽፈው ይፈርሙ። የሚያሰጋ ነገር ካለ 15 ቀን አትስጡ፤ ሁለት ቀን ይበቃል።

ደረጃ 7፦ ሽማግሌ ላኩ

ከክስ በፊት ሽማግሌ መላክ ነውር አይደለም፤ እንዲያውም ያለ ሽማግሌ የከሰሰ ሰው በሰፈር ይታማል። ግን ማንን እንደምትልኩ አስቡ። ሦስት ሰው ይበቃል። አንዱ አከራዩ የሚያከብሯቸው፣ አንዱ እናንተን የሚያውቅ፣ አንዱ ደግሞ አናጢ ወይም ግንበኛ ይሁን። ስለ እንጨት የሚያውቅ ሰው ከሌለበት ሽማግሌው "ተቻቻሉ" ብሎ ይነሣል፤ ጆንያው ግን እዚያው ነው።

ውይይቱን ቆጡ ባለበት ቤት አድርጉት። ሲያልቅ ስምምነቱን በጽሑፍ አስፍሩ፦ ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ፣ በማን ወጪ። እርቅ ሳይጻፍ ከቀረ በሚቀጥለው ክረምት እንደገና ትጀምራላችሁ።

ደረጃ 8፦ ቢሮና ፍርድ ቤት

ሽማግሌው ካልሆነ ውላችሁ የተመዘገበበት ጽሕፈት ቤት አቤት በሉ። ወደ ማዘጋጃ ቤት ስለ ግንባታው ጥራት ከማመልከታችሁ በፊት ግን አንድ ነገር አስቡ። ቆጡ ያለ ፈቃድ የተሠራ ከሆነ "ይፍረስ" ሊባል ይችላል። ያን ጊዜ ማደሪያ የምታጡት እናንተ ናችሁ። መሄጃ አዘጋጁ፣ ከዚያ አመልክቱ። የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ከሆነ ግን አንድ ቀንም አትጠብቁ።

ፍርድ ቤት የምትሄዱ ከሆነ፦

1. ክሱን ለወረዳ ፍርድ ቤት በጽሑፍ አዘጋጁ። የምትፈልጉትን በግልጽ ጻፉ፤ ጥገና ነው? ካሣ ነው? የቅድሚያ ክፍያ መመለስ ነው?
2. የማስረጃና የምስክር ዝርዝሩን ከክሱ ጋር አያይዙ። "በኋላ አመጣለሁ" ብላችሁ የተዋችሁትን ማስገባት ይከብዳል።
3. አከራዩ ሊያፈርሱ ወይም ሊያስወጧችሁ እየተዘጋጁ ከሆነ የእግድ ትእዛዝ እንዲሰጥላችሁ አብራችሁ አመልክቱ።
4. ስለ እንጨቱ ጥንካሬ ክርክር ከተነሣ ባለሙያ እንዲያየው ጠይቁ። የሲባጎውን ልክ ያኔ አቅርቡ።

ምስክር ስትመርጡ የሰማ ሳይሆን ያየ ሰው ይሁን። "ጋሼ ጤፍ እንደጫኑ ሰምቻለሁ" የሚል አሥር ሰው፣ ጆንያውን ተሸክሞ ወደ ቆጥ ያወጣን አንድ ሠራተኛ አያህልም።

ደረጃ 9፦ ስትወጡ

የመልቀቂያ ማስጠንቀቂያውን በውላችሁ በተጻፈው ጊዜ መሠረት አስቀድማችሁ በጽሑፍ ስጡ። በመጨረሻው ቀን ከአከራዩ ጋር አብራችሁ ወደ ቆጡ ውጡ። የርክክቡን ጽሑፍ ይዛችሁ አንድ በአንድ አመሳክሩ። የራሳችሁን ጣውላ የምትነቅሉ ከሆነ በቀን፣ አከራዩ እያዩ፣ በአናጢ አስነቅሉ። የሚስማሩን ቀዳዳ በጭቃ ወይም በሲሚንቶ ድፈኑ። ቆጣሪውን አንብባችሁ የቀረውን የመብራት ሂሳብ ክፈሉ። ከዚያ "ቤቱን ከነቆጡ በደህና ተረክቤያለሁ፣ ከተከራይ የምፈልገው ሂሳብ የለም" የሚል ወረቀት አስፈርሙ። ቁልፉን የምትሰጡት ከፊርማው በኋላ ነው።